የቦታ ስም ወይስ የጉሮሮ ስም? ስለ ዘፋኞች ድምፅ አመዳደብ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የታረመ።)

በዚህ የሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲው ሰልፍ ሳያስፈራችሁ ስለ ጉሮሮ ታሪክ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ላቅርብ፦ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን በየዓረፍተ ነገሩ እየደጋገምኩ አላሰለቻችሁም።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ ወረቀት ነው። ኳየራችን በየዓመቱ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ሲቀበል የሚሞላ ቅጽ አለ። ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ ስልክ ቁጥር፤ ከዚያ ቀጥሎ «የድምፅ ዓይነት» የሚል ሳጥን ይመጣል። በሳጥኑ ውስጥ ከአራት ቃላት አንዱ ይጻፋል፦ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር ወይም ባስ። ተማሪው ፒያኖው አጠገብ ቆሞ ሁለት ሦስት መልመጃ ያዜማል፣ ፈታኙ አንዱን ቃል ይጽፋል፣ «ቀጣይ!» ይባላል። ሁሉም ነገር ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ከፈታኞቹ አንዷ እኔ ስለሆንኩ ከንግግሬ የሚወጣ ነቀፋ ካለ ቀድሞ የሚያርፈው በእኔው ላይ ነው።

እኔ ራሴ በ16 ዓመቴ «አልቶ ነሽ» ተብያለሁ። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ ኳየር ውስጥ፣ የመዘምራኑ መሪ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ዜማውን የሚዘምሩ ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው እየዘመሩ፣ ሁለተኛውን ድምፅ ሳልስት እይዝ እንደሆነ ሊያዩ ፈለጉ። ያዝኩት። «ጎበዝ፣ አልቶ ነሽ» አሉኝ፤ እኔም ለ12 ዓመታት አልቶ ሆንኩ። ዝቅ ባሉት ኖታዎች ላይ ድምፄ ወደ ትንፋሽ እየተለወጠ ሲጠፋብኝ የጥረት ጉድለት መስሎኝ ይበልጥ እገፋው ነበር። ከልምምድ በኋላ ጉሮሮዬ እየቆሰለ በዝንጅብል ሻይ ያሳለፍኳቸውን ምሽቶች ቁጥራቸውን አላውቀውም። በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት ከሀገር ውጭ ሳለሁ፣ አንዲት የድምፅ መምህርት አሥር ደቂቃ ካዳመጡኝ በኋላ እጃቸውን ከፒያኖው ላይ አንሥተው፣ «ለመሆኑ አልቶ ነሽ ያለሽ ማን ነው? ሶፕራኖ ነሽ እኮ!» አሉኝ። ደስ አላለኝም፤ ይልቁንም ለብዙ ዓመታት በሌላ ሰው ስም ስጠራ ኖሬ በመጨረሻ እንደተነገረኝ ሰው ደነገጥኩ።

መሪያችን ተሳስተው ነበር ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ። ታሪኩን ማጥናት ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መሪው የለኩት ጆሮዬንና ጽናቴን ነበር፤ መምህርቷ የለኩት ጉሮሮዬን ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ተጠቀሙ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበር። ከሁለቱ በዕድሜ የሚቀድመው ደግሞ የመሪያችን ትርጉም ሆኖ አገኘሁት። የዛሬው ንግግሬ መነሻም ይኸው ነው፦ እነዚህ ስሞች በመጀመሪያ የቦታ ስሞች ነበሩ፤ የአካል ስሞች የሆኑት በኋላ፣ ያውም በብዙ ሰዎች ኪሳራ ነው።

«ቴኖር» የሚለው ቃል «መያዝ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ የተገኘ ነው። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ዙሪያ፣ ሊዮኒንና ፔሮቲን በሚባሉ ደራስያን ስም የሚታወቀው ባለ ብዙ ድምፅ ዜማ አበበ። በዚህ አሠራር አንደኛው ወገን የቆየውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይወስድና እያንዳንዱን ኖታ እጅግ አርዝሞ ይይዘዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ከበላዩ በፈጣንና በተዋበ ዜማ ይመላለሳል። ያ የሚይዘው ወገን ቴኖር ተባለ። ሕንፃው የቆመበት መሠረት እርሱ ነበር። የያዘው ሰው ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ መረዋ ይሁን ሻካራ ቃሉ አይናገርም። ሥራው መያዝ ነበር፤ ስሙም «ያዥ»።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከቴኖሩ አንጻር ይቆም የነበረው ኮንትራቴኖር የተባለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ከቴኖሩ በላይ የሚሄደው «ከፍ ያለ» ሲባል በላቲን አልቱስ ሆነ፤ ከሥሩ የሚሄደው ባሱስ፣ «ዝቅ ያለ» ተባለ። ከሁሉም በላይ ያለው ሱፔሪዩስ ነበር፤ ጣልያኖቹ በኋላ ሶፕራኖ፣ ማለትም «የላይኛው» አሉት። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስቃቸው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «አልቶ» ስንል ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ ማለታችን ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ራሱ «ከፍ ያለ» ማለት ነው። ከፍ ያለው ከማን ነው ቢሉ፣ ከወንዱ ከቴኖር። አራቱም ስሞች የተወለዱት በብራና ላይ እንጂ በማንም ሰው ማንቁርት ውስጥ አይደለም። ፎቅና ምድር ቤት እንደማለት ናቸው። ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ራሱ «ፎቅ» እየተባለ መጠራት ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሆነውም እንደዚያው ነው።

ስሙ የቦታ ከሆነ ቦታውን የሚሞላ ሰው መገኘት ነበረበት። በአውሮፓ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሴቶች አይዘምሩም ነበር፤ ለዚህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሴቶች ዝምታ የጻፈው ይጠቀስ ነበር። የላይኛውን ቦታ የሚሞሉት ድምፃቸው ያልጎረመሰ ወንዶች ልጆችና ፋልሴቶ በሚባለው ስልት የሚዘምሩ ዐዋቂ ወንዶች ነበሩ። የልጅ ድምፅ ገና በደንብ ሳይሠለጥን ይጎረምሳል፤ ፋልሴቶውም ጉልበት ያንሰዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሦስተኛ መፍትሔ ተገኘ፦ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች። በ1599 በሮም የሲስቲን ቤተ ጸሎት መዘምራን ውስጥ በይፋ ሲታወቁ እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ክፍለ ዘመናት የኦፔራ መድረክ ነገሥታት ሆኑ። በተለምዶ ምደባ ጉሮሮን ይከተላል እንላለን። እዚህ ላይ ግን ለምደባው ሲባል የልጅ አካል ተቆረጠ። ከእነዚያ ልጆች ለዝና የበቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ስለ ቀሩት መዛግብቱ ብዙ አይሉም፤ እኔም ሳስተምር ከዚህ ቦታ ላይ ቶሎ ማለፍ አልወድም።

ዝና ካገኙት መካከል ፋሪኔሊ ይገኛል፤ ትክክለኛ ስሙ ካርሎ ብሮስኪ፣ ከ1705 እስከ 1782 የኖረ ሶፕራኖ። በ1737 ወደ ስፔን ተጠርቶ ለንጉሥ ፊሊጶስ 5ኛ ዘፈነ፤ በዚያ ቤተ መንግሥትም ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ሌላው ሴኔዚኖ ነው፤ ሃንደል በ1724 ለንደን ላይ ያቀረበውን «ጁልዮ ቼዛሬ» የተባለ ኦፔራ የቄሣርን ክፍል የጻፈው ለእርሱ ነው። ሮምን የሚገዛው፣ ጠላት የሚያንቀጠቅጠው ቄሣር በአልቶ ድምፅ ይዘፍናል! በዘመኑ ጆሮ ከፍ ያለ ድምፅ የወጣትነት፣ የጀግንነትና የልዕልና ምልክት ነበር። ቴኖሩ ለሽማግሌ አባትና ለተሸነፈ ንጉሥ ይሰጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሃንደል «ታመርላኖ» በተባለው ኦፔራ ምርኮኛውን ሱልጣን ባያዚድን ያዘፈነው በቴኖር ነው። «ወፍራም ድምፅ የወንድነት፣ ቀጭን ድምፅ የሴትነት ነው» የሚለውን ፍርድ ተፈጥሮ የደነገገችው የሚመስለው ሰው ከዚህ ዘመን ጋር መነጋገር አለበት።

የስልቦቹ ዘመን ሲያከትም የጀግናው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ለጥቂት ዓመታትም ሴቶች ሞሉት። ሮሲኒ በ1813 ቬኒስ ውስጥ ያቀረበው «ታንክሬዲ» ጀግናው ወታደር ነው፤ ክፍሉ ግን የተጻፈው ለኮንትራልቶ ሴት ነበር። ስሞቹም ገና እንደዛሬው አልረጉም። ሞዛርት በ1787 ለፕራግ በጻፈው «ዶን ጆቫኒ» ውስጥ ዛሬ በባሪቶንና በባስ ዘፋኞች የምናከፋፍላቸው የወንድ ገጸ ባሕርያት፣ ከአንዱ ቴኖር በስተቀር፣ ሁሉም በአንድነት «ባስ» ተብለው ይጠሩ ነበር። ዛሬ ለሜዞ ሶፕራኖ የምንሰጣቸውን የሴት ክፍሎችም በጊዜው «ሶፕራኖ» ይሏቸው ነበር። የባሪቶን ጉሮሮ ያላቸው ሰዎች በ1787 አልነበሩም ማለት አይደለም። የጠፋው ሳጥኑ ነው።

አሁን ወደ አንድ ከተማና ወደ አንድ ወቅት ልውሰዳችሁ፤ ፓሪስ፣ የ1837 ጸደይ። ከዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ብቻ አስተምሪ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

በፓሪስ ኦፔራ ቤት የዘመኑ የመጀመሪያ ቴኖር አዶልፍ ኑሪ ነበር። በ1829 የሮሲኒ «ጊዮም ቴል» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አርኖልድ የተባለውን ክፍል የዘፈነው እርሱ ነው። ይህ ክፍል እጅግ ከፍ ባሉ ኖታዎች የተሞላ ነው። ኑሪ እነርሱን የሚደርስባቸው በዘመኑ ሥርዓት ነበር፦ ከፍ ሲል ድምፁን አለዝቦ፣ «የራስ ድምፅ» ወደሚባለው ስልት ተሻግሮ፣ በጸጋ ይነካቸዋል። የተማረ፣ ግጥም የሚያውቅ፣ ገጸ ባሕርይን ከውስጡ የሚያወጣ ተዋናይም ነበር። በ1835 በአሌቪ «ላ ጁዊቭ»፣ በ1836 በማየርቤር «ሌ ዩግኖ» ከአጠገቡ የቆመችው ኮርኔሊ ፋልኮን ነበረች። በ18 ዓመቷ በዚያው መድረክ ላይ ብቅ ብላ ፓሪስን ያስደነቀች፣ ድምፅዋ ከታች እንደ ሜዞ የጠቆረ፣ ከላይ እንደ ሶፕራኖ የሚያበራ ሴት ነበረች።

በመጋቢት 1837 አንድ ምሽት፣ ኒደርማየር የደረሰው «ስትራዴላ» የተባለ ኦፔራ እየቀረበ ሳለ፣ ኑሪ ከመድረኩ ላይ ይዘፍንላታል፤ የእርሷ ተራ ይደርሳል፤ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ የለም። የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ሐኪም፣ እረፍት፣ የጣልያን አየር ሁሉ ተሞከረ። በ1840 ወደ መድረክ ለመመለስ ያደረገችው ሙከራም እንባ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ እስከ 1897 ኖራለች፤ ዝም ብላ ግማሽ ክፍለ ዘመን ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ከዚህ ይመጣል፦ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ድረስ በሶፕራኖና በሜዞ መካከል ያለውን ጠንካራ ድምፅ «ፋልኮን» ይሉታል። አምስት ዓመት እንኳ ያልቆየ ድምፅ፣ ባለቤቱን የከዳ ጉሮሮ፣ ሌሎች ሴቶች የሚለኩበት መስፈርት ሆነ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ያለ ዕድሜዋ ከባድ ክፍሎች ስለተጫኑባት ነው ይላሉ፤ ሌሎች በመሠረቱ ሜዞ ሆና ሳለ ወደ ላይ ስለተገፋች ነው ይላሉ። ማንቁርቷን ያየ የለምና አንፈርድም። ሁለቱም መላ ግን የሚያመለክተው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ከጉሮሮው ቀድሞ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ዢልበር ዱፕሬ ከጣልያን ተመልሶ በዚያው ቤት አርኖልድን ዘፈነ። ዱፕሬ በ1831 ሉካ በምትባል የጣልያን ከተማ ያደረገውን በፓሪስ ደገመው፦ ከፍተኛውን ዶ፣ በዛሬ መለኪያ በሴኮንድ 523 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ኖታ፣ ሳያለዝብ፣ በሙሉ «የደረት ድምፅ» አወጣው። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሮሲኒ ራሱ ጩኸቱን ሲታረድ ከሚጮህ የተኮላሸ አውራ ዶሮ ጋር አመሳሰለው ይባላል፤ የስልቦቹን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ምሳሌው ድርብ ምፀት አለው። ሕዝቡ ግን ፈረደ። በአንድ ምሽት «ቴኖር» የሚለው ቃል ሌላ ሰው ማለት ሆነ።

ኑሪ የዱፕሬን መቀጠር ሲሰማ ሥራውን ለቅቆ ነበር። ወደ ናፖሊ ሄዶ አዲሱን የጣልያን ስልት ለመማር ደከመ፤ አዲሱን ሲያሳድድ የቀድሞው ለስላሳ ድምፁ ከእጁ እንዳመለጠ በምሬት ያወራ ነበር። በመጋቢት 1839፣ በ37 ዓመቱ፣ ናፖሊ ውስጥ ራሱን ከመስኮት ወርውሮ ሞተ። የሰውን ልብ ወደ እንዲህ ያለ መጨረሻ የሚያደርስ ምክንያት አንድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሕመምም ነበረበት። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት የቴኖርነት መለኪያ የነበረ ሰው፣ ጉሮሮው ሳይለወጥ ትርጉሙ ስለተለወጠ ብቻ ከቃሉ ውጭ ሆኖ እንደቀረ ሳስብ፣ የእኛን የአምስት ደቂቃ ፈተና በቀላሉ ማየት ያቅተኛል። አሸናፊው ዱፕሬም ቢሆን ብዙ አልተጠቀመም፤ ድምፁ ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ወደ ማስተማር ዞረ።

ሳይንስ የመጣው ከዚህ ጭብጨባ በኋላ ነው። በ1840 ዲዴና ፔትረካን የተባሉ ሁለት የሊዮን ሐኪሞች ስለ አንድ «አዲስ ዓይነት» የዘፈን ድምፅ ጥናት አቀረቡ፤ የጥናታቸው መነሻ የዱፕሬ ዓይነቱ አዘፋፈን ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ሐኪሞቹ ዓይነቱን መዘገቡ። በዚያው ዓመት ማኑኤል ጋርሲያ ስለ ሰው ድምፅ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ጋርሲያ የስፔናዊው ዝነኛ ቴኖር ልጅ፣ የማሪያ ማሊብራንና የፖሊን ቪያርዶ ወንድም ነው። በ1825 ከቤተሰቡ ጋር ኒው ዮርክ ላይ ሲዘፍን ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ ድምፁ በወጣትነቱ ተበላሽቶበት መድረኩን ተወ። በመጎዳት የተማረ መምህር ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በ1841 ጄኒ ሊንድ የምትባል ወጣት ስዊድናዊት ድምፅዋ ተሰልችቶ፣ ተሰባብሮ ወደ እርሱ ስትመጣ፣ መጀመሪያ ያዘዘላት መልመጃ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። ለሳምንታት እንዳትዘፍን፣ በተቻለ መጠን እንዳትናገርም ነገራት። ከዚያ በኋላ አስተማራት፤ የዘመኑ ዝነኛ ሶፕራኖም ሆነች።

በ1854 ጋርሲያ የጥርስ ሐኪም ትንሽ መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሁለተኛ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ፣ የራሱን የድምፅ አውታሮች በሥራ ላይ አየ። በቀጣዩ ዓመት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ያየውን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምረናል። የድምፅ አውታር በዐዋቂ ሴት በግምት ከ12 እስከ 17፣ በዐዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ አጭሩ ይፈጥናል፣ ረጅሙ ይዘገያል። ነገር ግን ጋርሲያ በመስተዋቱ ውስጥ ያገኘው ሁለት የሚከፈቱና የሚዘጉ ነጫጭ ከንፈሮችን ነው። «ባሪቶን» የሚል ጽሑፍ አላገኘም። (ሳቅ)

ስለ ጀርመኖቹ በአጭሩ ልናገር፤ ጉዳዩ የሙዚቃ ከመሆኑ ይልቅ የቅጥር ነውና። ቋሚ ዘፋኞችን በደሞዝ የሚይዙት የጀርመን ኦፔራ ቤቶች «ፋህ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ቃሉ መሳቢያ ወይም የመደርደሪያ ክፍል ማለት ነው። ቀላል ሶፕራኖ፣ ድራማዊ ሶፕራኖ፣ የጀግና ቴኖር እያለ ይዘረዝራል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው መሳቢያ ዘፋኙ የትኛውን ክፍል ሊዘፍን እንደሚገባው ይወስናል። ሩዶልፍ ክሎይበር ከ1951 ጀምሮ የታተመው የኦፔራ መመሪያ መጽሐፉ ይህን ክፍፍል በሰፊው አስለምዶታል። ብዙ ጊዜ ሲሰደብ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተባበርም። ቢያንስ ቀጣሪው ከመሳቢያው ውጭ የሆነ ከባድ ክፍል በግድ እንዳይጭን ዘፋኙ የሚያሳየው ወረቀት አለው። ፋልኮን እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበራትም።

መሳቢያው ለሁሉም አልበቃም። ማሪያ ካላስ በጥር 1949 ቬኒስ ውስጥ፣ በቱሊዮ ሴራፊን መሪነት፣ የቫግነርን ብሩንሂልደ እየዘፈነች ሳለ ታማ የቀረችን ዘፋኝ ተክታ በቀናት ልዩነት የቤሊኒን ኤልቪራ ዘፈነች፤ ከባዱን ከቀላሉ፣ ሰይፉን ከመርፌው። ዴንማርካዊው ላውሪትስ ሜልኪዮር በ1913 መድረክ ላይ የወጣው ባሪቶን ሆኖ ነበር፤ በ1918 ቴኖር ሆኖ ተመለሰና የዘመኑ ታላቅ የቫግነር ቴኖር ተባለ። በእነዚያ አምስት ዓመታት አዲስ ጉሮሮ አልበቀለለትም።

እስካሁን ከተናገርኩት ተነሥታችሁ፣ «እንግዲያው ምደባ ሁሉ ፈጠራ ነው» ብላችሁ እንዳትወጡ እሠጋለሁ። አይደለም። ስቶክሆልም ውስጥ ጆሃን ሱንድበርግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ የሠለጠነ ኦፔራ ዘፋኝ፣ በተለይም ወንዱ፣ በ3000 ኸርዝ አካባቢ የሚያጠናክረው ጉልበት ያለ ማይክሮፎን ከኦርኬስትራ በላይ እንደሚያሰማው አሳይቷል፤ ይህ ከፍታ በባስ ዝቅ፣ በቴኖር ከፍ የማለት አዝማሚያ አለው። በ2009 የታተመ የድሬስደን ጥናትም የሙዚቃ ተማሪዎችን የራጅ ምስሎች መርምሮ፣ ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው መንገድ በአማካይ በሶፕራኖዎች አጭር፣ በባሶች ረጅም መሆኑን አግኝቷል። አካል አለ፤ አካልም ይናገራል። ነገር ግን የሚናገረው በአማካይ፣ በመደራረብና በዝግታ ነው። ቅጹ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው።

ጥንቁቅ መምህር ዛሬ የሚያዳምጠው የመጨረሻውን ከፍተኛና የመጨረሻውን ዝቅተኛ ኖታ ብቻ አይደለም። ድምፁ ሳይደክም የሚያርፍበትን አካባቢ፣ ቀለሙን፣ ከአንድ ስልት ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ደረጃ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይጠብቃል። የ18 ዓመት ልጅ ድምፅ ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው፤ ከባድ ድምፆች በ20ዎቹ መጨረሻ፣ አንዳንዴም በ30ዎቹ ነው መልካቸው የሚለየው። የእኛ አዲስ ገቢዎች ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከእነዚህ ቃላት በፊት እኛ ድምፅን ምን እንለው ነበር? አማርኛ ቃል አላነሰውም። እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚያስተጋባውን መረዋ፣ እንደ ወፍ የሚፈሰውን ስርቅርቅ፣ ከሆድ የሚወጣውን ጎርናና፣ ቀጥኖ የሚሳሳውን ሰላላ እንላለን። እነዚህ የቀለምና የጠባይ ስሞች ናቸው፤ የፎቅና የምድር ቤት ስሞች አይደሉም። ምክንያቱም ሕንፃው ሌላ ነበር፤ ዜማው አንድ ስለሆነ ሁሉም በአንድ መስመር ያዜመዋል። በፈተና ወረቀት ላይ በየዓመቱ የማገኘውን ስሕተትም በዚሁ አጋጣሚ ላርም፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የድምፅ ዓይነቶች አይደሉም። የዜማ ስልቶች ናቸው፤ አንዱ መሪጌታ ሦስቱንም በራሱ ጉሮሮ ያዜማቸዋል። ግዕዝን ከባስ፣ ዓራራይን ከቴኖር ጋር ማዛመድ ለሁለቱም ባህሎች አይጠቅምም። አራቱ የላቲን ልጆች ወደ እኛ የመጡት በአራት ድምፅ ከተጻፈ መዝሙር ጋር፣ በኳየርና በሙዚቃ ትምህርት ቤት በኩል ነው። ስንቀበላቸው ግን ታሪካቸው ጉሙሩክ ላይ የቀረ ይመስለኛል፤ ከተፈጥሮ እንደመጡ አድርገን ተቀበልናቸው።

ስለዚህ ወደ መሪያችን ልመለስ። በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እርሳቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቋንቋ ተናግረዋል፦ መሐሉን የሚይዝ ሰው ፈልገው፣ የምትይዝ ልጅ አገኙ። ትክክል ነበሩ። ኪሳራው የመጣው የቦታውን ስም እርሳቸውም እኔም የጉሮሮዬ ስም አድርገን በመውሰዳችን ነው። ያኔ አንድ ሰው «ለዚህ ዓመት አልቶ ያዢልን» ቢለኝ ኖሮ፣ ጉሮሮዬ ሲቆስል እፍረት ሳይሆን ጥያቄ በተሰማኝ ነበር።

የሚቀጥለው ፈተና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ለኮሚቴው ባልደረቦቼ ያቀረብኩት ሐሳብ ትንሽ ነው፤ ገና አልጸደቀም፣ «ሥራ ያበዛል» ያሉኝም አሉ። በቅጹ ላይ «የድምፅ ዓይነት» የሚለው ተሰርዞ «በዚህ ሴሚስተር የሚይዘው መስመር» ይባል፤ በእርሳስ ይጻፍ፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው እንደገና ይደመጥ። ዝቅ ሲል ድምፁ የሚጠፋበት፣ ከፍ ሲል አንገቱ የሚገተርበት ተማሪ ካለም ከአሁኑ መጥቶ ያናግረኝ፤ ቢሮዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ክፍት ነው።

ከኋላ እጅ አይቻለሁ፤ ከእርስዎ እንጀምር።